ቤኒን ያለችበት፣ መቅደላ የሌለችበት ትምህርት

በርቀት የሚያስተምረው የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በነጻ ለሕዝብ ከለቀቃቸው የሥነ ሰብ ትምህርቶች መካከል «የቤኒን ጥበብ» የሚለው አጭር ነው፤ ከሥራ መልስ እየተነበበ በጥቂት ምሽት ያልቃል። ጉዳዩ በዛሬዋ ደቡብ ናይጄሪያ የነበረው የኤዶ ሕዝብ መንግሥት ነው። የቤተ መንግሥቱ ቀላጮች የሠሯቸው ሰሌዳዎችና የራስ ቅርጾች ምን እንደሚመስሉ፣ በ1897 የእንግሊዝ ጦር እንዴት ዘርፎ እንደወሰዳቸው፣ ሙዚየም ከገቡ በኋላ ደግሞ አንዴ የአረመኔ ቅርስ፣ አንዴ ድንቅ ጥበብ እየተባሉ ስማቸው እንዴት እንደተለዋወጠ ይተርካል። (ቤኒን ሪፐብሊክ የምትባለው የዛሬዋ አገር ሌላ ናት። ዓመቶቹም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱ ብቻውን የቆመ አልነበረም። የተቀነጨበው በ2008 ከተጀመረውና በኮድ ስሙ ኤኤ100 እየተባለ ከሚጠራው ትልቅ ሞጁል ነው። ያ ሞጁል ለአሥር ዓመት ያህል በኦፕን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሥነ ጥበብ ማጥናት የሚፈልግ ሰው የሚገባበት በር ነበር። ክሊዮፓትራን ከስታሊን፣ ሠዓሊውን ሴዛንን ከሳይንቲስቱ ፋራዴይ ጋር በአንድ መጽሐፍ ጠርዞ ስምና ዝና እንዴት እንደሚገነባ ያስጠይቅ ነበር፤ ቤኒን ያለችው ስለ ባህሎች መገናኘት በሚናገረው ሌላው መጽሐፍ ነው። ሞጁሉ 60 ክሬዲት ነበር። ሌላ 60 ሲጨመርበት 120 ይሆናል፤ ይህም የከፍተኛ ትምህርት ሰርተፍኬት ማለት ነው። የፈለገ እዚያ ላይ ያቆማል፤ የቀጠለ በ240 ዲፕሎማ፣ በ360 ዲግሪ ይይዛል። ኤኤ100 ዛሬ ቦታውን ለተተኪው ለቅቋል። የቤኒኑ ክፍል ግን በነጻው ገጽ ላይ እንዳለ አለ፣ ሰውም ያነበዋል። የዚያን የሰርተፍኬት ትምህርት ጠባይ በትንሹ ስለሚያሳይ ነው ለዚህ ዳሰሳ የመረጥኩት።

ለንደን ውስጥ ሃክኒ ሰፈር ያለ ሐበሻ የማታ ትምህርት ሲባል ትዝ የሚለው ሌላ ነው። የኬር ሰርተፍኬት፣ የሴኩሪቲ ባጅ፣ የምግብ ንጽሕና፣ ቢበዛ አካውንቲንግ። ታሪክና ሥነ ጥበብ እማራለሁ የምትል ወጣት ቡና ላይ ወሬውን ብታነሳ የሚመጣላት ጥያቄ የታወቀ ነው። «ታዲያ እሱ ምን ሥራ ያስገኛል የኔ ልጅ?» ይሏታል እትዬ፣ ስኒውን እያቀበሉ። ክፋት የለበትም፤ የቤት ኪራዩን ያውቁታል። በዚያ ላይ አገር ቤት ሰርተፍኬት፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ እያልን ሰውን በደረጃ ስንደረድር ያደግን ነን፤ ሰርተፍኬት የመጨረሻው እርከን ላይ ያለ፣ ዲግሪ ያቃተው የሚይዘው ወረቀት ይመስለናል። ስለዚህ የሥነ ሰብ ሰርተፍኬት ሁለት ጊዜ ይናቃል፤ አንዴ በሰርተፍኬትነቱ፣ አንዴ በሥነ ሰብነቱ።

እኔ ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሥራ ማስገኘቱ አይመስለኝም። ለአንባቢው ምን ዓይነት ዓለም ያሳየዋል? ይህ ነው የሚመዘነው።

በመጀመሪያ የሚሳካለትን ልንገር። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ሲጽፍ አስተማሪውን ገጹ ውስጥ ያስገባዋል። ጥቂት አንቀጽ ካነበብክ በኋላ ሳጥን ይመጣል፦ ምስሉን ተመልከት፣ የምታየውን ጻፍ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ውሰድ ይልሃል። የጸሐፊዎቹ አስተያየት ተሸፍኖ ይቆያል፤ የራስህን ሳትጽፍ ገልጠህ ብታየው የሚከለክልህ የለም፣ ያታለልከው ራስህን ነው። አስተያየቱ ሲገለጥም መልሱ ይህ ነው አይልም። እኛ ያየነው ይህን ነው፣ አንተ ሌላ አይተህ ይሆናል ይላል። ጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን፣ ደብተር ሸምድደን ላለፍን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስታወሻህ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት የሚል ቀይ እስክሪብቶ የለም። መጀመሪያ ያናድዳል፤ በኋላ ይለመዳል።

ከሰሌዳዎቹ አንዱን እንይ። መሐል ላይ ንጉሡ ቆሟል፤ ከአንገቱ እስከ አገጩ በዛጎል ዶቃ ታጥሯል። ግራና ቀኙ ያሉት አጃቢዎች ቁመታቸው ከእሱ ያንሳል፤ ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ሕፃን የሚያካክሉ ሌሎች አሉ። ጀርባው ባዶ አይደለም፣ ባለ አራት ቅጠል ጌጥ ተቀርጾበታል። በአንዳንዱ ሰሌዳ ጥግ ላይ ደግሞ ባለ ረጅም ጸጉር፣ ባለ ባርኔጣ ፖርቱጋላዊ ብቅ ይላል። ይህን ያየ አውሮፓዊ ተማሪ ለምን ሰዎቹ በእውነተኛ መጠናቸው አልተሠሩም ብሎ ሊደናገር ይችላል፤ ትምህርቱም ያንን ግራ መጋባት ጠብቆ ነው የተዘጋጀው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሐል ያደገ ሐበሻ ግን አይደናገርም። ሥዕሉን ያሠራው ባላባት ከእመቤታችን እግር ሥር አንሶ ተደፍቶ አይቷል። ክፉው ሰው በአንድ ዐይኑ፣ ደጉ በሁለት ዐይኑ እንደሚሣልም ሳይነገረው ያውቃል። መጠን ማዕረግን እንጂ ርቀትን እንደማይናገር ለማወቅ ሳጥኑ አያስፈልገውም። አሠራሩም ቢሆን፣ ቅርጹን በሰም አውጥቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ በቦታው የቀለጠ ናስ መሙላት፣ የእኛ መስቀል ሠሪዎች የሚያውቁት ሙያ ነው። ማለትም ትምህርቱ ያላሰበው ዓይነት አንባቢ አለ፤ ያ አንባቢ በአንዳንድ ገጽ ከጸሐፊዎቹ ቀድሞ ይሄዳል።

የትምህርቱ ምርጥ ክፍል የሙዚየም ሰዎችን ጽሑፍ እንደ ተራ ማስረጃ አቅርቦ የሚያስመረምርበት ነው። ሪድና ዳልተን የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኞች ነበሩ፤ ዘረፋው ገና ትኩስ ሳለ ስለ ሰሌዳዎቹ ጻፉ፣ በ1899ም ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ችግር ገጠማቸው። ጋዜጣው የቤኒንን ከተማ የደም ከተማ ብሏታል፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ናስ ግን የአውሮፓ ቀላጭ የሚቀናበት ሥራ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ስላቃታቸው ከፖርቱጋሎች ተምረውት ይሆን፣ ከግብፅ መጥቶ ይሆን እያሉ ምንጩን ከኤዶ ሕዝብ ውጭ ፈለጉ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ዘረኞች ነበሩ ብሎ አያልፍም። የጽሑፉን ቃላት እያንዳንዳቸውን አንስቶ የትኛው አድናቆት፣ የትኛው ንቀት፣ የትኛው ደግሞ ሁለቱም እንደሆነ እንድትለይ ያደርግሃል። አድናቆትና ንቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የአንደኛ ዓመት ልምምድ አላውቅም። ለንደን ውስጥ ለሚኖር ጥቁር ሰው ደግሞ ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ቦታ «እንግሊዝኛህ እንዴት ጥሩ ነው!» ያለው አለቃ የተናገረውን እንዴት እንደሚሰማ ያስተምረዋል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ዐይኑ የአውሮፓ ዐይን ነው። አውሮፓውያን ሰሌዳዎቹን እንዴት አዩዋቸው፣ አስተያየታቸውስ እንዴት ተለወጠ የሚለው ጥያቄ ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ኤዶዎቹስ? በንጉሥ ኦቮንራምዌን ቤት እነዚህ ሥራዎች ምን አገልግሎት ነበራቸው፣ ንጉሡ ወደ ካላባር ተግዞ እዚያው ሲሞት ቀላጮቹ የት ደረሱ፣ የዛሬዎቹ የቤኒን ከተማ ቀላጮችስ ስለ አባቶቻቸው ሥራ ምን ይላሉ? ይህ ጠርዝ ላይ ይቀራል። የባህሎች መገናኘት የተባለው ነገር አንዱ ወገን ሲያይ ሌላው ሲታይ ነው እንዴ? ስለ ናሱ ምንጭም እንዲሁ ነው። ፖርቱጋሎች ማኒላ የሚባሉ የናስ አምባሮች ያመጡ ነበር፤ በማኒላ ሰው ይገዛ ነበር። በ2023 የወጣ የኬሚካል ምርመራ ብዙው ናስ ከጀርመን ራይንላንድ ከመጡ እንዲህ ካሉ አምባሮች ጋር እንደሚገጥም አሳይቷል። ይህን ትምህርቱ ሲጻፍ ማንም አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ያ ብረት በሰው ዋጋ የመጣ መሆኑ ቀድሞም የታወቀ ስለነበር ከዚህ በላይ ትኩረት ይገባው ነበር።

ጊዜም ጥሎት ሄዷል። ከ2008 ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በኅዳር 2022 ደቡብ ለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም የ72 ዕቃዎችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጀርመን የተወሰኑትን መልሳ አስረከበች። ከ900 በላይ የቤኒን ዕቃ የያዘው ብሪቲሽ ሙዚየም ግን የ1963ቱን የሙዚየሙን ሕግ እየጠቀሰ ቆሟል። ተማሪው ይህን ከዜና ያገኘዋል፤ ከትምህርቱ ግን የሚያገኘው ጉዳዩ ገና በአስተያየት ደረጃ ያለ የሚያስመስል ጨዋ ውይይት ነው።

ለእኛ ግን ትልቁ ክፍተት ሌላ ነው። የ1897ቱ ዘመቻ የመጀመሪያው አልነበረም። ከ29 ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1868፣ የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ አምባ በመቅደላ ላይ ነበር። ለንደን ያሉት ሙዚየሞች ከጦር ሜዳ ዕቃ መሰብሰብን ቤኒን ላይ አልጀመሩትም፤ በናፒየር ከተመራው ከዚያ ጦር ጋር ሪቻርድ ሆልምዝ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ተጉዟል። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ወታደሩ ግምጃ ቤቱን ሲበረብር ሆልምዝ የወርቁን ዘውድና የወርቁን ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ገዛ። የቀረው ዘረፋ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡን ወታደሮቹ ተካፈሉት። ዘውዱና ጽዋው ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ በ2018 ሙዚየሙ 150ኛውን ዓመት ምክንያት አድርጎ የመቅደላን ዕቃዎች ለይቶ አሳይቷቸው ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸው 11 ታቦታት ግን ከካህናት በቀር ለማንም አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም።

መቅደላ በዚህ ትምህርት ውስጥ ራሷን የቻለ ቦታ የላትም። ይህን የምለው የአገሬ ስም ለምን አልተጠራም ብዬ ብቻ አይደለም። መቅደላ ብትገባ የትምህርቱ ዋና ጥያቄ ራሱ ይለወጥ ነበር። የቤኒን ሰሌዳ ላይ ክርክሩ ጥበብ ነው ወይስ የጎሣ ቅርስ የሚል ነው፤ ሰሌዳው በየትኛው መስታወት ውስጥ፣ በምን ብርሃን ይቀመጥ? ታቦት ላይ ይህ ጥያቄ ይሰበራል። ታቦት እንዲታይ የተሠራ አይደለም። ሙዚየሙም ይህን ስላመነ ነው ዘግቶ ያስቀመጠው፤ እንግዲህ ከካህን በቀር ማንም ሊያየው የማይገባን ነገር ሙዚየም ለምን ይይዛል? ሥነ ሰብን የጀመረ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ከዚህ የከበደ ጥያቄ ብዙ የለም፤ መጽሐፉ ግን ዕቃ ሁሉ ለመታየት የተሠራ ነው ከሚል ግምት ስለተነሳ እዚያ አይደርስም።

ሃክኒ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ዳልስተን አደባባይ ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት በሲ.ኤል.አር. ጄምስ ስም ይጠራል። ስሙ በ1985 ለድሮው ሕንፃ ተሰጠ፤ ምክር ቤቱ በ2010 አዲሱን ሕንፃ ያለ ስሙ ሊከፍት ሲያስብ ሰዉ ተቃውሞ ስሙን አስመለሰ፤ አዲሱ በ2012 ተከፈተ። ጄምስ ትሪኒዳዳዊ ነበር፤ ስለ ሃይቲ አብዮት የጻፈው «ዘ ብላክ ጃኮቢንስ» በ1938 ወጣ። ከዚያ በፊት፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሳ፣ በ1935 ለንደን ውስጥ የአቢሲኒያ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ አደባባይ ይሟገት ነበር፤ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና ጆሞ ኬንያታ አብረውት ነበሩ። ዘምቼ ልዋጋ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሄደ፤ ሚኒስትሩም እዚሁ ሆነህ ብትሟገትልን ይሻለናል አሉት። እኚያ ሚኒስትር ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ ማን ናቸው? በ1868 መቅደላ ላይ ከፍርስራሹ መሐል ተገኝተው በእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ የተወሰዱት ሕፃን። እንግሊዝ ዘውዱን፣ ጽዋውንና መጻሕፍቱን ስትወስድ እሳቸውንም ወስዳ ነበር። እሳቸው ሐኪም ሆነው፣ በመጨረሻ አገራቸውን ወክለው ለንደን ተመለሱ። ይህን መስመር፣ ከመቅደላ ተነስቶ ዳልስተን የሚደርሰውን፣ አንድ የሞጁል ጸሐፊ ይዞት ቢሆን ኖሮ ስንት ገጽ ያወጣለት ነበር! ለሃክኒ ተማሪም ዓለም አቀፍ ግንዛቤ የሚባለው ነገር ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ይጀምርለት ነበር።

እውነት ለመናገር የእኛው ቤትም ከዚህ አይሻልም። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ፍሬሽማንን ሲመልሱ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጡ የጋራ ትምህርቶች ወጡ፤ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ግሎባል ትሬንድስ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ኢንጂነር የሚሆነውም ሐኪም የምትሆነውም ስለ ሰውና ስለ ዓለም ቢያስቡ ማን ይጠላል? የግሎባል ትሬንድስን ሞጁል የከፈተ ግን የሚያገኘው ትርጓሜ ነው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትርጉም፣ የውጭ ፖሊሲ ትርጉም፣ የሉላዊነት ጥቅምና ጉዳት፣ ሪያሊዝም እንዲህ ይላል፣ ሊበራሊዝም እንዲያ ይላል። በኦፕን ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ዓለም አንድ ዕቃ ሆና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፣ ዐይንህን ታሳርፍባታለህ፤ በእኛው ሞጁል ዓለም ዝርዝር ናት፣ ለፈተና ትሸመደዳለች። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁልም ገና በረቂቁ ላይ በተነሳ ውዝግብ ለብዙ ጊዜ መዘግየቱን እናስታውሳለን። ውዝግቡ ራሱ ጥሩ ትምህርት በወጣው ነበር፤ ማን ምን ብሎ ተከራከረ፣ በምን ማስረጃ ተብሎ ቢጻፍ። እኛ ግን ተማሪው ፊት የምናቀርበው ከተስማማን በኋላ ነው፤ ተከራካሪዎቹ ደግሞ መቼ ይስማማሉ?

ስለዚህ ሁለቱን ሳመዛዝን የምመርጠው የእንግሊዙን ዘዴ ነው፣ የእንግሊዙን ካርታ ሳይሆን። አንድ ዕቃ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ጥያቄ። የአዲስ አበባው መምህር ከዚህ መውሰድ የሚችለው ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ስድስት ኪሎ ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ መኝታ ቤት በእግር የሚደረስበት ነው፤ አንድ መስቀል መርጦ «ምን ታያላችሁ? ጻፉ» ማለት ወጪ የለውም።

ሃክኒ ለእንዲህ ያለ ትምህርት አዲስ አይደለችም። በ1786 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያፈነገጡ ክርስቲያኖች እዚህ ኒው ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት አቆሙ፤ ምክንያቱም ኦክስፎርድ የቤተ ክርስቲያኑን አንቀጾች ላልፈረመ በሩን አይከፍትም፣ ካምብሪጅም ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ በርሚንግሃም የነበረውን ቤቱን አመፀኞች ካቃጠሉበት በኋላ፣ እዚህ መጥቶ ታሪክና የተፈጥሮ ፍልስፍና አስተማረ። ወጣቱ ዊሊያም ሃዝሊት በ1793 ተማሪ ሆኖ ገባ፣ እምነቱን ጥሎ ወጣ። ኮሌጁ አሥር ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1796 ተዘጋ። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ በ1971 ግሌን ቶምፕሰን የተባለ የሃርለም ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሴንተርፕራይዝን ከፈተ፤ መጽሐፍ መደብር፣ ቡና ቤት፣ የንባብ ትምህርትና ማተሚያ አንድ ላይ የሆነበት ቤት ነበር፣ በኋላ ኪንግስላንድ ሃይ ስትሪት ላይ። ከመጀመሪያዎቹ ኅትመቶቹ አንዱ ቪቪያን አሸርዉድ የተባለ፣ በጃማይካ የተወለደ፣ ትምህርት ቤት ከኋላ ቀሮች ክፍል የመደበው የሃክኒ ልጅ የግጥም መጽሐፍ ነው። በዚያ ቤት ያለፉ ሰዎች ምንም ሰርተፍኬት አልያዙም። በ2012 ከምክር ቤቱ ጋር በተነሳ የኪራይ ክርክር ተዘጋ። ይህን የማነሳው የድሮው ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ሴንተርፕራይዝ ሰዉን ጸሐፊ አድርጎ ነበር የሚጀምረው፤ የዛሬው ሰርተፍኬት ግን አንባቢ አድርጎ ይጀምርና ቲኤምኤ በሚባለው የቤት ሥራ ላይ ብቻ እንድትጽፍ ይፈቅድልሃል፣ አንባቢህም ውጤት የሚሰጥህ መምህር ብቻ ነው።

ሰፈሩ ራሱ ማስተማሪያ ነው፣ ትምህርቱ ግን ከሙዚየም በር አይወጣም። ኪንግስላንድ ሮድ ላይ ያለው የቤት ታሪክ ሙዚየም ግንባር ላይ የሮበርት ጀፍሪ ሐውልት ቆሟል፤ በባሪያ ንግድ ገንዘብ ያገኘ ነጋዴ ነበር። በ2020 ሕዝቡ አስተያየት ሲጠየቅ አብዛኞቹ ይነሣ አሉ፤ ሙዚየሙ ግን አቆየው። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በሃክኒ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ፣ ቶማስ ጄ. ፕራይስ በ2022 ያቆማቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በነሐስ ቆመዋል። ከካሪቢያን ወደ እንግሊዝ የመጣውን የዊንድረሽ ትውልድ ለማስታወስ ነው የተሠሩት፤ መልካቸው የአንድ ሰው አይደለም፣ ከብዙ የሃክኒ ነዋሪዎች ምስል የተውጣጣ ነው። ቬሮኒካ ራያን ደግሞ ናሮው ዌይ አጠገብ ጊሽጣን ጨምሮ ሦስት የካሪቢያን ፍራፍሬዎችን በእብነ በረድና በነሐስ አስቀምጣለች፤ ልጆች ይቀመጡባቸዋል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች በአንድ ከሰዓት ዞሮ ነሐስ ማንን ያከብራል፣ በማን ገንዘብ፣ ማን ይወስናል ብሎ መጻፍ፣ ስለ 1897 ከሚጻፈው ቲኤምኤ አያንስም። ትምህርቱ በሩቅ የሚሰጥ ስለሆነ ተማሪው የሚኖርበትን ሰፈር አያውቅም፤ ማወቅ ባይችል እንኳ በአንድ ሳጥን «ሰፈርህ ውስጥ ምን ቆሟል?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። በ1979 ወደ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሶሲዮሎጂ ያስተማረው ጃማይካዊው ስቱዋርት ሆል ይህን ጥያቄ ያልፈው ነበር ብዬ አላስብም።

እነዚህን ሁሉ ጉድለቶች ቆጥሬም ቢሆን ነጻውን ክፍል አንብቡት እላለሁ። በተለይ የእኛ ሰው፣ መቅደላን አጠገቡ አስቀምጦ ቢያነበው ጸሐፊዎቹ ያላሰቡትን ያገኛል። ነጻው ግን የተሳትፎ ማረጋገጫ እንጂ ክሬዲት አይሰጥም፤ የሚመልስልህ መምህርም የለውም። ሰርተፍኬቱን የፈለገ ይከፍላል። በ2012 የእንግሊዝ መንግሥት የትምህርት ድጎማውን ሲቀንስ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ለ120 ክሬዲት 5,000 ፓውንድ ደረሰ፤ ዛሬ ከ7,000 በላይ ነው። ብድር አለ፣ ለጥገኝነት ጠያቂ ግን የለም። ከ2027 ጀምሮ የሚመጣው አዲሱ የዕድሜ ልክ ትምህርት ብድር ሰው አንዳንድ ሞጁል እየመረጠ እንዲማር ያስችላል ተብሏል። በሞጁል ደረጃ ብድር ይፈቀድባቸዋል ተብለው በመጀመሪያ ከተዘረዘሩት መካከል ኮምፒውተር፣ ምሕንድስና፣ ሒሳብና ነርሲንግ አሉ። ታሪክና ሥነ ጥበብ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ የቤኒንን ዓይነት አንድ ሞጁል ብቻ መማር የሚፈልግ የሃክኒ ሠራተኛ ወይ ለሙሉው ሰርተፍኬት ወይም ዲግሪ ይመዘገባል፣ ወይ ከኪሱ ይከፍላል።